የእትዬ ዘነበችን ምድጃ ወደ ቤት ጋዝ ያዞርኩ ጊዜ

ባለፈው ክረምት ልጄ ቤቷ አዲስ ምድጃ አስገባች። እሳት የለውም። ጥቁር መስታወት ነው፤ ድስት ሲያስቀምጡበት ይፈላል፣ እጅ ሲያስቀምጡበት ዝም ይላል። "እሳቱስ የታለ?" ብላት "ዳድ፣ ዛትስ ዘ ፖይንት" ብላኝ፣ ቁም ነገሩ እሱ ነው ማለቷ ነው፣ ወደ ስልኳ ተመለሰች። እኔ እንግዲህ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከየቤቱ ሥር ባለው ምድር ቤት፣ ቤዝመንት ለቤዝመንት እየተንበረከክሁ የጋዝ እሳት ቀለም ሳይ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ። በወረቀት ጡረታ ከወጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ጡረታ መውጣቴ የገባኝ ግን ያን ቀን፣ መስታወቱ ላይ ጎንበስ ብዬ እሳት ስፈልግ ነው። ሚስቴ "ሰው ሳያይህ ቀና በል" አለችኝ። ቀና አልኩና፣ ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ይኸው ተቀመጥኩ።

የተወለድኩት አስመራ ነው፤ ስሜ ክፍሎም ይባላል። ሚስቴ በትግርኛ ትቆጣኛለች፣ ልጆቼ በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል፤ የተማርኩት በአማርኛ ስለሆነ ብዕር ሳነሳ የሚመጣልኝ እሱ ነው። ሥራ የጀመርኩት በአንድ የፓስታ ፋብሪካ ቦይለር ክፍል ነበር። አለቃዬ የግፊት መለኪያውን በጣቱ እያንኳኳ የሚሳደብ ሰው ነው፤ መርፌው ከፍ ካለ መርፌውን ይሰድባል፣ ዝቅ ካለ እኔን። ከዚያ ካርቱም ሁለት ዓመት ፍሪጅ ጠገንኩ። ከካርቱም ሚኒሶታ በጥር ወር ገባሁ። ስለ ብርዱ ያላወራ ሰው ስለሌለ እኔ አልደግመውም።

እዚህ አገር የመጀመሪያ ሥራዬ ሮቢንስዴል፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ማጠብ ነበር። አለቃችን ማስታወሻ መጻፍ የሚወድ ሰው ነው። ፎጣ ሲጠፋ ማስታወሻ ይጽፋል፣ ፎጣው ሲገኝም ይጽፋል። የልብስ ማድረቂያው ሲቆም "አይሠራም" የሚል ወረቀት ይለጥፍበታል፤ ማድረቂያውም አንብቦት ነው መሰለኝ ሳምንቱን ሙሉ አይሠራም።

እትዬ ዘነበችን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ናቸው፤ በዕድሜ አሥር ዓመት ይበልጡኛል፣ በቁመት ትከሻዬ ላይ ይቀራሉ፣ በድምፅ ግን ሦስት እኔን ያክላሉ። አንሶላውን ጫፍና ጫፍ ይዘን ስናጥፍ፣ እሳቸው ወደ ሄዱበት ነበር አንሶላውም እኔም የምንሄደው። ይህ ነገር ከአንሶላው በኋላም አልተለወጠም።

አንድ ቀን ማስታወሻው አልበቃ ብሎ ለማድረቂያው ጠጋኝ ተጠራ። የመጣው አርኒ የሚባል ረጅም ሽማግሌ ነበር። ወለሉ ላይ ተጋደመና ምንም ሳይናገር እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። የትኛውን መፍቻ እንደፈለገ ገብቶኝ አቀበልኩት። እንደገና ዘረጋ፤ ሁለተኛውንም አቀበልኩት። ሥራውን ጨርሶ ሲነሳ ከላይ እስከ ታች አየኝና "ሰኞ ና" አለኝ። በእሱ ዘንድ ይህ ረጅም ንግግር መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

የአርኒ የጥገና ሱቅ ፍሮግታውን ሰፈር፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ፣ በአንድ ልብስ ሰፊና በአንድ ጫማ ጠጋኝ መካከል ነበር። ደመወዙ ከአንሶላው ትንሽ ይሻላል፤ ስለ ደመወዝ ይኸው ይብቃኝ። አባቴ የሚሆንን ሰው በባዶ ስሙ መጥራት ስላልሆነልኝ "ሚስተር አርኒ" እለው ነበር። በጠራሁት ቁጥር ሌላ ሰው የገባ መስሎት ወደ በሩ ይዞራል።

አርኒ የጋዝ ቧንቧ ገጥሞ ሲጨርስ የሚያወጣት አንዲት የሰናፍጭ ጠርሙስ ነበረችው። በውስጧ የሳሙና ውሃ፣ ከአጠገቧ የአባቱ የጢም ብሩሽ። መጋጠሚያውን ሁሉ፣ እሱ የገጠመውንም ከፋብሪካ ተገጥሞ የመጣውንም፣ ጢሙን ሊላጭ እንደሚቀባ ሰው በአረፋ ይሸፍነዋል። ከዚያ ባልዲ ደፍቶ ይቀመጥና ይመለከታል። ጋዝ የሚያመልጥበት ቦታ ካለ አረፋው ያብጣል። ያን ጊዜ ቢያናግሩትም አይሰማም። አንድ ጊዜ የቤቱ ባለቤት ኩኪ በሳህን ይዛለት መጥታ አጠገቡ ቆማ ቆማ ሲሰለቻት ለእኔ ሰጠችኝ፤ በልቼ ስጨርስ እሱ ገና አረፋውን እያየ ነበር። ሳሙናው ሲደርቅ ጉልበቱን ይዞ ይነሳና "ከዚህ የባሰ አይቻለሁ" ይላል። ምስጋና ማለት ለእሱ ይቺ ናት።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ የሚኒሶታን ወንዶች አንድ ነገር ያዛቸው። ቢራ እቤታቸው መጥመቅ ጀመሩ። የጥርስ ሐኪሙ፣ የሂሳብ አስተማሪው፣ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚጫወተው ሰውዬ፣ ሁሉም ጓሮው ባለ ሦስት እግር ምድጃ ተክሎ፣ ትልቅ ድስት ጥዶ፣ ማማሰያ ይዞ ይቆማል። ምድጃዎቹ በሲሊንደር በሚሸጥ ፕሮፔን የሚነዱ ናቸው። ቢራው አንድ ሰዓት ሙሉ መንተክተክ አለበት፤ ሲሊንደሩ ደግሞ ሁልጊዜ የሚያልቀው አርባኛው ደቂቃ ላይ ነው። ስለዚህ አርኒ ጋ እየመጡ "ምድጃችንን ከቤቱ ጋዝ ጋር አገናኝልን" ማለት ጀመሩ።

ነገሩ ቧንቧ መቀጠል ብቻ ይመስላል። ፕሮፔን ከሲሊንደሩ የሚወጣው በጉልበት ነው፤ ስለዚህ ምድጃው ውስጥ ጋዙ የሚያልፍባት የነሐስ ጫፍ ቀዳዳዋ የመርፌ ዓይን አታክልም። የቤት ጋዝ ግን ሻይ እንደሚያበርድ ሰው እፍ ይላል እንጂ አይገፋም። በዚያች ቀዳዳ ቢያሳልፉት የሻማ ያህል ነበልባል ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ ቀዳዳዋ መስፋት አለባት። ምን ያህል? ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። አርኒ በእንጨት ሣጥን የተደረደሩ፣ በየቁጥራቸው የሚጠሩ ቀጫጭን መሰርሰሪያዎች ነበሩት። በኤሌክትሪክ አያዞራቸውም፣ በጣቱ ነው። ትንሽ ያሰፋል፣ ይገጥማል፣ ያነዳል፣ ያያል፤ ይፈታና የሚቀጥለውን ቁጥር ያወጣል። ከዚያ የአየር ማስገቢያዋን ክዳን ጥቂት በጥቂት እያዞረ፣ ቢጫው ጫፍ ጠፍቶ እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ምድጃው ላይ እስኪቀመጥ ይጠብቃል።

እኔ አንድ ጊዜ ቸኩዬ ሦስት ቁጥር ዘልዬ በኤሌክትሪክ ሰረሰርኩት። እሳቱ ቢጫ ሆኖ እስከ ድስቱ ክዳን ተነሳ፤ የጥርስ ሐኪሙ የሚያብረቀርቅ ድስት እንደ መኪና ጎማ ጠቆረ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ የበሰበሰ ጥርስ እንደሚያይ አየው። አርኒ አልተቆጣም። "ቀዳዳ የሚያጠብ መሰርሰሪያ ስታገኝ ንገረኝ" ብሎ አዲስ የነሐስ ጫፍ ሰጠኝ። ድስቱን ሁለት ቀን ፈትጌ መለስኩ።

እንዲህ እንዲህ እያልን አራት ዓመት ሠራሁ። በራሴ ስም ለመሥራት ፈተና መቀመጥ ነበረብኝ፤ ለፈተናው ደግሞ "ይህ ሰው በእጄ ሥር ሠርቷል፣ ብቻውን ቢሠራም ሰው አይጎዳም" የሚል የአርኒ ፊርማ ያስፈልጋል። አርኒ በዚያው ዓመት ሱቁን ዘግቶ ሐይቅ ዳር ወዳለች ጎጆው ሊሄድ ነው። ሳይፈርምልኝ ከሄደ አራቱን ዓመት ውሃ በላው፤ ወደ አንሶላው መመለሴ ነው። ወረቀቱን ሞልቼ ሰጠሁት። "ሰኞ እፈርማለሁ" አለኝ። ከዚያች ሰኞ በፊት ግን አንዲት ቅዳሜ ነበረች።

እትዬ ዘነበች ሲዋርድ ሰፈር ትንሽ ቤት ገዝተው ነበር። የማኅበር ተራቸው እየደረሰ ስለነበር ጠላ ሊጠምቁ ተነሱ። ለጠላው እንኩሮ መታመስ አለበት፤ የራሰው ዱቄት ሰፊ ብረት ላይ እየተገላበጠ እስኪጠቁር ይቆላል፣ ጭሱም የዋዛ አይደለም። መጀመሪያ ኩሽናቸው ውስጥ አመሱ። የጭስ አላርሙ ጮኸ። በትራስ አፈኑት። የቤዝመንቱ ጮኸ። ከዚያ እንደ ጥርስ ሐኪሙ ጓሮ ወጥተው የፕሮፔን ምድጃ ተከሉ። እሱ ደግሞ እንደ አውሮፕላን እያጓራ እንኩሮውን መሃል መሃሉን አሳረረው፣ ዳር ዳሩን ጥሬውን ተወው። ደወሉልኝ።

"ክፍሎም፣ ይሄ ነገር እሳት አይደለም፣ ቁጣ ነው። እንደ ፈረንጆቹ ወደ ቤት ጋዝ ቼንጅ አድርግልኝ።"

"እትዬ፣ እኔኮ ገና ላይሰንስ የለኝም። አለቃዬ ሳያውቅ፣ ከከተማው ፐርሚት ሳይወጣ..."

"አንሶላ ስናጥፍ ፐርሚት ጠይቄህ ነበር?"

ምኑ ከምኑ እንደሚገናኝ እስካሁን አልገባኝም፤ ያን ጊዜ ግን እሺ አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት መሣሪያዬን ጭኜ ሄድኩ።

ሥራው አማረልኝ። ቀዳዳዋን በጣቴ እያዞርኩ በየቁጥሩ አሰፋሁ። ቤዝመንት ካለው ዋና ቧንቧ ቅርንጫፍ አወጣሁ፣ መዝጊያ አደረግሁለት፣ ግድግዳውን አሳልፌ እስከ ጓሮው ዘረጋሁት። ግድግዳው ሥር ያለችውን የመጨረሻዋን መጋጠሚያ በእጄ አዙሬ፣ በመፍቻ ላጠብቃት ስል ከላይ የእትዬ ዘነበች ድምፅ መጣ።

"ክፍሎም! ጋሽ ወርቁ ሊመርቁ ቆመዋል፣ አንተን ነው የሚጠብቁት!"

ጋሽ ወርቁ የማኅበሩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ወደ ሰማንያ የሚጠጉ፣ ድሮ የጂኦግራፊ አስተማሪ የነበሩ። ሲመርቁ አገር ለአገር ነው የሚዞሩት። እሳቸው ቆመው እየጠበቁ እኔ መፍቻ ሳዞር? የማይታሰብ ነው። ሮጬ ወጣሁ፣ መፍቻውን ሣር ላይ ጣልኩና እጄን ዘረጋሁ። ጋሽ ወርቁ አገራችንን መረቁ፣ ይህን አገር መረቁ፣ በመካከል ያለውን ባሕር ሁሉ መረቁ። ገሾውንና ብቅሉን በየስማቸው ጠርተው መረቁ። በመጨረሻ የክፍሎምን እጅ መረቁ፤ እኔም ከሁሉ አስበልጬ አሜን አልኩ። እጄን እንኳ ሳልታጠብ ጉርሻ ከግራም ከቀኝም መጣ። "በል አንድደው!" ተባልኩ። ወርጄ መዝጊያውን ከፈትኩ። መጋጠሚያዋ ከፊቴ ነበረች፣ አይቻታለሁም፤ ልቤ ግን ከምርቃቱ ጋር ሥራውን ዘግቶታል። የራሴ የሳሙና ጠርሙስ ከዕቃ ሣጥኔ ሳትወጣ ቀረች።

እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ተቀመጠ። የተሰበሰቡት የማኅበሩ ሴቶች እልል አሉ። እትዬ ዘነበች ከፍ ዝቅ እያደረጉ ሞከሩትና "ይሄስ ሰው ይሰማል" አሉ። ደረቴን ነፍቼ እቤቴ ገባሁ።

እሑድ ቀትር ላይ ምሳ ስንበላ ስልክ ጮኸ። ሚስቴ አነሳችው፤ ትንሽ አዳመጠችና ወደ እኔ ዞረች። "እትዬ ዘነበች ናቸው። ቤዝመንት ያስቀመጡት ጥንስስ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል ይላሉ። ገሾ የሸጠችልኝ ሴትዮ ጉድ ሠራችኝ እያሉ ነው። ሽታው እንዲለቅ ሻማ ላብራበት ወይ ይላሉ።"

ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም። ሲያመልጥ ሰው እንዲያውቀው ብለው ነው የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ የሚጨምሩበት። ስልኩን ከሚስቴ እጅ ነጠቅሁ።

"ውጪ!"

"ማነው?"

"ሻማ እንዳታበሪ! ማብሪያ ማጥፊያ እንዳትነኪ! አሁኑኑ ከቤት ውጪ!"

"አንቺ? ክፍሎም ነህ 'አንቺ' የምትለኝ?"

"ውጪ ብዬሻለሁ!"

"ጥንስሴስ?"

"ስልኩን ጣይና ውጪ!"

ለእሳት አደጋ ደውዬ፣ በካልሲ መኪናዬን አስነስቼ ወንዙን ተሻገርኩ። ስደርስ ቀይ መኪናዎቹ ቀድመውኛል። እትዬ ዘነበች እግረኛ መንገዱ ላይ በነጠላ ጫማ ቆመዋል፤ እቅፋቸው ውስጥ የጥንስሱ ባልዲ አለ። ወርደው አምጥተውታል። መንገዱ ዳር ቁጭ አልኩ።

እሳት አደጋዎቹ ጋዙን ዘጉ፣ ቤቱን በማራገቢያ አናፈሱ፣ የጋዝ መለኪያው ላይ ማንም እንዳይከፍተው የሚከለክል ቀይ ካርድ አንጠለጠሉ። ኃላፊያቸው መጋጠሚያዋ በእጅ ብቻ የታሰረች መሆኗን ነገረንና "ይህን የሠራ ማነው?" አለ። አፌን ስከፍት እትዬ ዘነበች ቀደሙኝ።

"ባለቤቴ ነው።"

"የት አለ?"

"ትቶኝ ሄደ።"

"መሄዱ ሳይሻልዎት አይቀርም" ብሎ ጻፈው። እትዬ ዘነበች አምፖል የሚቀይር ባል እንኳ ኖሯቸው አያውቅም።

ማንም አላወቀብኝም፤ ዝም ብል አርኒ ሰኞ ይፈርማል፣ እኔም ባለ ላይሰንስ እሆናለሁ። ግን ያቺን ሻማ ማሰብ መተው አልቻልኩም። አንድ ክብሪት ቢጭሩ ኖሮ እትዬ ዘነበችን የገደልኩት እኔ ነበርኩ። አፍሬአለሁ፣ ፈርቻለሁም።

ሰኞ ስገባ አርኒ ወረቀቴን ዘርግቶ እስክሪብቶውን ከፍቷል።

"ሚስተር አርኒ፣ አትፈርም" አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት።

እስክሪብቶውን ከደነ። "ሳሙናውስ?"

"አልቀባሁም።"

"ለምን?"

"ሽማግሌ ሊመርቁ ተነሱ።"

"ሲጨርሱስ?"

"ምግብ መጣ።"

"ለምን ቆይ አላልካቸውም?"

"ሽማግሌ ቆይ አይባልም።"

ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። አልተሳደበም፤ የፓስታ ፋብሪካው አለቃዬ ናፈቀኝ። በዚያ ሳምንት በራሱ ስም ፐርሚት አውጥቶ ቧንቧውን ከመጀመሪያው እኔን አሠራኝ፤ የከተማው ተቆጣጣሪ ዓርብ አይቶ ቀይዋን ካርድ አነሳ። ስለ ፊርማው ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቅዳሜ የቀረው ምድጃውን ጓሮ ላይ ማገናኘት ነበር። "አንተ ሥራ፣ እኔ እቀመጣለሁ" አለኝ።

እትዬ ዘነበች አዲስ እንኩሮ አርሰው፣ የማኅበሩን ሴቶች ጠርተው ጠበቁን። አርኒ ጥግ ይዞ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። አገናኘሁ፣ በመፍቻ አጠበቅሁ፣ ጋዙን ከፈትኩ፣ ጠርሙሴን አወጣሁ። መቀባት ያለባቸው አራት መጋጠሚያዎች ናቸው። ሁለቱን ቀብቼ ወደ ሦስተኛው ስዞር ጋሽ ወርቁ ተነሱ። ሴቶቹ አብረው ተነሱ። እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

ብሩሹ እጄ ላይ ቀረ።

"ጋሽ ወርቁ" አልኩ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይቆዩኝ።"

"ምን አልከኝ?"

"ሳሙናው አላለቀም። ይቆዩኝ።"

አንዲቱ ሴት "በስመ አብ!" አለች። እትዬ ዘነበች ጉሮሯቸውን ጠራረጉና "ይቆዩት ጋሽ ወርቁ፤ እኔንም 'ውጪ' ብሎኛል" አሉ።

ጋሽ ወርቁ ቆዩ። እጃቸውን ግን አላወረዱም፤ ያነሱትን ሳይመርቁ ማውረድ አልሆነላቸውም መሰለኝ። ሦስተኛውን ቀባሁ፣ አራተኛውን ቀባሁ፣ ቁጢጥ ብዬ ተመለከትኩ። የእሳቸው ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሁለት ሴቶች ከግራና ከቀኝ ገብተው ክርናቸውን ደገፉ። እኔ አረፋውን አያለሁ፣ ሰው ሁሉ እኔን ያያል። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ጊዜ የለም። ሳሙናው ቀስ እያለ ደረቀ። ያበጠ ነገር አልነበረም።

"ጨረስክ?" አሉኝ።

"ጨርሻለሁ ጋሼ። ይቀጥሉ።"

"የት ደርሼ ነበር?"

"ገና አልጀመሩም።"

"እንግዲያስ ከመጀመሪያው" ብለው ከአገራችን ተነሱ።

እጄን ዘርግቼ አርኒ አጠገብ ቆምኩ። ባልዲው ላይ እንደተቀመጠ ወደ ጆሮዬ ቀና አለና በሹክሹክታ "ሰውየው ማነው?" አለኝ።

"እዚህ ካለነው ሁሉ በላይ የሚከበሩት ናቸው።"

"እና አስቆምከው?"

"አስቆምኳቸው።"

እጁን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተ። አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ ይዞት መምጣቱን አላወቅሁም። ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ቀስ ብሎ፣ መጋጠሚያ እንደሚቀባ ሰው ፈረመ።

ጮክ ብዬ አሜን አልኩ። ጋሽ ወርቁ ገና ባሕሩን እየተሻገሩ ነበር፤ አሜን የሚባልበት ቦታ አልደረሱም።